ብሩ ደርሷል፤ አንተስ?

ባለፈው ዓመት ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ደሴ ለሚኖሩት አክስቴ በቴሌብር ሁለት ሺህ ብር ላክሁላቸው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር፤ ብሩን ለመላክ የፈጀብኝ ጊዜ ሰልፉ ሁለት ሰው ወደፊት እስኪራመድ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያም አንድ ወዳጄ የላከልኝን፣ እሱም ከሌላ ሰው የተቀበለውን፣ ፋኖስና ግማሽ ጨረቃ ያለበትን የ«ረመዳን ከሪም» ሥዕል ለቤተ ዘመዱ ሁሉ በተንኩት። ማታ አክስቴ ደወሉ። «ብሩ ደርሷል ልጄ፤ አላህ ይጨምርልህ» ብለው መረቁኝ። ትንሽ ዝም አሉና፣ «አንተስ መቼ ትደርሳለህ?» አሉ።

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። «ለኢድ፣ ኢንሻአላህ» አልኳቸው። ይህቺን «ኢንሻአላህ» አንባቢ ያውቃታል ብዬ እገምታለሁ፤ ብዙዎቻችን ላለመምጣት ስናስብ የምንላት ኢንሻአላህ አለች።

በዚያ ረመዳን ደሴ የደረስኩት እውነቱን ለመናገር ናፍቆት ገፍቶኝ አይደለም። በመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ለሥራ ጉዳይ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ድረስ መጥቼ የሐረጎን ዳገት መውጣት ቢያቅተኝ ዘመድ ምን ይለኛል ብዬ ነው ወደ ደሴ ያቀናሁት። መግሪብ ሊል አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ከአክስቴ በር ደረስኩ።

በልጅነቴ በዚያ ቤት ለኢፍጣር የሚዘረጋው ምንጣፍ ሁለት ክፍል ይሞላ ነበር። ጎረቤት ይመጣል፤ መንገድ ላይ መግሪብ የደረሰበት እንግዳ ይመጣል፤ ከመስጂዱ ደረሳዎች ይመጣሉ። ሾርባው የሚሠራው በድግስ ድስት ነበር። አሁን ግን ምድጃው ቀዝቅዟል። አክስቴ ጥግ ላይ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያለው ትሪ ላይ ሦስት ፍሬ ተምር፣ አንድ ኩባያ ውሃና ግማሽ ዳቦ ነበር። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ጋቢው ሲገለጥ የግራ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ አየሁ።

ስኳር አለባቸው። ሐኪም እንዳይፆሙ ከነገራቸው ቆይቷል። እግራቸው ላይ ቁስል ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። ጎረቤት ያውቃል፤ የሱቁ ልጅ ያውቃል፤ ለሱሁር ውሃ የሚቀዳላቸው ደረሳ ያውቃል። በየሳምንቱ ጁምዓ ከሰዓት በቪዲዮ የማያቸው እኔ ብቻ አላውቅም።

በቪዲዮ ምን ነበር የማየው? በዕድሜ የገፋ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ግማሽ ግንባር፣ የሻሽ ጫፍና ኮርኒስ። ስልኩን የሚይዝላቸው የጎረቤት ልጅ ሲመጣ ደግሞ ሙሉ ፊታቸውን አያለሁ፤ ፈገግ ብለው፣ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን» ይላሉ። እግር በቪዲዮ አይታይም። የቀዘቀዘ ምድጃም አይታይም። ቁስል የሚሸተው ሽታ በኢሞ አይመጣም። ስክሪኑ ያሳየኝ አክስቴ ሊያሳዩኝ የፈለጉትን ብቻ ነበር፤ እናት ደግሞ ለልጇ የምታሳየው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። እኔም ያየሁትን አምኜ፣ «በየሳምንቱ እኮ እንገናኛለን» እያልኩ ለጓደኞቼ ስናገር ነበር። መገናኘት የሚለው ቃል እንዲህ ረክሶብን ሳናውቀው ከርመናል።

ለምን እንደሚፆሙ ስጠይቃቸው የሰጡኝን መልስ አልረሳውም። «ፆመኛ የሌለበት ቤት ረመዳን አይገባበትም» አሉኝ። ሕመምተኛ መፆም እንደማይገደድ፣ ፈውስ የማይጠበቅለት በሽታ ያለበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን በማብላት ፊድያ እንደሚያወጣ በሬዲዮ በየዓመቱ ይሰማሉ። እኔም በስልክ አንድ ሰሞን ስለ ፊድያ የተቀዳ ትምህርት ልኬላቸው ነበር፤ ያው ለቤተ ዘመዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ። ምንም አልሠራም። በማግሥቱ የሰፈሩን መስጂድ ኢማም ይዤ መጣሁ። ሼኹ ዱካ ላይ ቁጭ አሉ፤ እግራቸውን እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ፤ አዩና ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም በሬዲዮ የሚባለውን ያንኑ ቃል ቀስ ብለው ነገሯቸው። አክስቴ አለቀሱ፤ ፆሙንም አቆሙ። ያልሰሙት አዲስ ነገር አልተነገራቸውም። የተለወጠው ነገር ቢኖር ተናጋሪው ቁስላቸውን አይቶ መናገሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ስልክ ጠላቴ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስና መስመሩ ሲቋረጥ፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» የሚለውን ድምፅ እየሰማሁ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች አልረሳም። በዚያን ጊዜ የአክስቴን አንዲት «አለሁ» በስንት ገንዘብ እገዛት ነበር! ሪያድ፣ ጅዳ፣ ኩዌት፣ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንንም አስቡ። አሠሪዎቻቸው ኢፍጣር ከጨረሱ በኋላ ሳህን አጥበው፣ ወጥ ቤት ጥግ ቆመው፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈው ልጃቸው ተምር ሲጎርስ የሚያዩ እናቶች አሉ። ለእነሱ ያቺ ትንሽ መስታወት ቤታቸው ናት። «የቪዲዮ ጥሪ ሰው አይተካም» ብዬ እነሱ ፊት ብናገር አፍራለሁ። እነሱ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ምርጫ ግን የላቸውም።

እኔ ግን ምርጫ ነበረኝ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በእስልምና ታሪክ በሩቁ ስለሚደረግ ነገር የሚነሳ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ፤ እሱም ከእኛው አገር ጋር የተያያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች የተቀበለው የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ሲሞት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሞቱን መዲና ሆነው ለሰሐቦች ነገሩና ሶፍ አስይዘው በአራት ተክቢራ ሰገዱበት። ይህ ሶላተል ጋኢብ ይባላል፤ በአካል ለሌለ ሟች የሚሰገድ ሶላት ነው። የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀቦች ከዚህ ተነስተው ይፈቅዱታል። የሐነፊና የማሊኪ ሊቃውንት ደግሞ ለነጃሺ የተለየ ነበር ይላሉ። ከሊቃውንቱም ሞቶ የሰገደበት ሰው ባልነበረበት አገር ለሞተ ነው የሚሆነው ያሉ አሉ። ክርክሩን ለዑለማዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ ባሕርና በረሃ በመካከል ያለባቸው ሁለት አገሮች ነበሩ፤ መድረስ የማይቻልበት ርቀት ነበር፤ በዚያም ላይ ሶፍ ተይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጥሞ ነው የተሰገደው። የሩቁን ሰው ለማክበር የቅርቡ ሰው በአካል ተሰበሰበ። እኛ ግን የቅርቡን ሰው እንደ ሩቅ እያደረግነው ነው። ደሴ ሐበሻ ከመዲና በራቀችበት ርቀት ላይ አይደለችም። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሌሊት የተነሳ አውቶቡስ በቀን ያደርሳል።

በኮሮናው ዓመት ይህን ጥያቄ ሁላችንም ቀምሰነዋል። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ ረመዳን ሊገባ ስድስት ሳምንት ነበር የቀረው። መስጂዶች ተዘጉ። በመካ ታላቁ መስጂድ ተራዊህ ለሕዝብ ዝግ ሆኖ ጥቂት ሰዎች ብቻ ባሉበት ተሰገደ፤ ረከዓውም ወደ 10 ዝቅ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሰው የተገኘበት ሐጅ፣ ሳዑዲ ውስጥ ለሚኖሩ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ብቻ ሆነ። ያኔ ብዙ ሰው፣ «ኢማሙን በቴሌቪዥን ተከትዬ ብሰግድስ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ሩኩዑም ሱጁዱም ይታያል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን አይሆንም አሉ፤ ቤት ውስጥ ካለው ቤተሰብ ጋር፣ ሁለትም ሆናችሁ ሦስት፣ እዚያው ጀመዓ ሥሩ አሉ። ዝናው ዓለምን ከሞላው የሐረም ኢማም ይልቅ ሁለት ሱራ ብቻ የሚያውቅ ታላቅ ወንድም እፊትህ ቢቆም ይሻላል ማለት ነው።

የጀመዓ ሶላት ብቻ ከተሰገደው 27 ደረጃ እንደሚበልጥ በሐዲስ የታወቀ ነው። ስለ ምንዳው የመናገር ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። ነገር ግን ሶፍ ላይ የቆመ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ቀኝህ ያለው ሽማግሌ ከሱጁድ ሲነሳ ጉልበቱ ሲንቋቋ ትሰማለህ። ግራህ ያለው የቀን ሠራተኛ የሲሚንቶ ሽታ አለው። ከፊትህ ያለው ልጅ የታላቁን ጃኬት ለብሷል። ማንም ምንም አልነገረህም፤ ግን ስለ ሦስቱም ትንሽ አውቀሃል። ሽማግሌው ሁለት ቀን ከቀረ ደግሞ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል፤ «እኚያ አባት የት ጠፉ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ያለሁበት የሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን ከ400 በላይ አባላት አሉት። አንድ ሰው ወር ሙሉ ቢጠፋ የሚያውቅ የለም። ክፍት ቦታ አይታይበትማ።

አንድ ሙስሊም በሌላው ላይ አለው ተብሎ ከሚቆጠሩት መብቶች መካከል የታመመን መጠየቅ፣ ጀናዛ መከተልና ግብዣ ሲጠራ መሄድ ይገኙበታል። እነዚህ ሦስቱ እግር ይፈልጋሉ። ሰላምታ መመለስና ላስነጠሰ ዱዓ ማድረግ ብቻ ናቸው በስልክም ሊሆኑ የሚችሉት። ላስነጠሰውም ቢሆን በጽሑፍ መልእክት አስነጠስኩ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

መገኘት ስል ግን እግርን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሰው በአካል መጥቶም ላይገኝ ይችላል። ባለፈው ረመዳን በአንድ ሰፈር ለአቅመ ደካሞች ኢፍጣር ሲታደል አየሁ። ወጣቶቹ መልካም ልጆች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ያከፋፍላሉ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ተቀባይ ሁለት ሰጪ ነበር፤ አንዱ ከረጢት ይሰጣል፣ አንዱ ስልክ ደግኖ ይቀርጻል። አንዲት እናት ከረጢቱን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲከልሉ፣ ቀራጩ፣ «እማማ፣ ቀና ይበሉልን» አላቸው። ቀና አሉ። ምን ያድርጉ? ዱቄቱ እጃቸው ላይ ነው። ቀኝ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ የሚያስተምር ሃይማኖት ውስጥ ሆነን የተቀባዩን ፊት ለሺዎች የምናሳየው በምን ሒሳብ ነው? «ሌላውን ለማነሳሳት ነው» ይባላል። ዱቄቱን አሳዩ፤ መኪናውን አሳዩ፤ የሰጪውን ፊት አሳዩ፤ የእናትየውን ፊት ግን ተዉት። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ስማቸውን የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም፤ ቪዲዮው ግን ማታውኑ ወጥቷል።

የጎዳና ኢፍጣርን የምወደው በተቃራኒው ነው። በ2013 ረመዳን መገባደጃ ላይ በመስቀል አደባባይና በዙሪያው ታላቁ የጎዳና ኢፍጣር ተካሄደ፤ የሚገርመው ቴሌብር ሥራ የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። እርግጥ እዚያም ስልክ ከተምር አይተናነስም። ግን አዛን ሲል አጠገብህ ያለው የማታውቀው ሰው ተምሩን ለሁለት ከፍሎ ሲሰጥህ ስልኩን ኪስህ መክተት አለብህ፤ ሁለት እጅ ነው ያለህ።

ሌላም አለ። ከ2016 ወዲህ ረመዳንና ዐቢይ ፆም በየዓመቱ ጎን ለጎን እየሄዱ ነው። እኔ በተከራየሁበት ግቢ አራት አባወራ አለን፤ ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለቱ ኦርቶዶክስ ነን። መጀመሪያ ዓመት ላይ ሁላችንም «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል መልእክት በስልክ ተላላክን። ግድግዳ እየለየን! በሁለተኛው ዓመት ከጎረቤቶቻችን አንዷ እናት በመግሪብ ሰዓት አንድ ሳህን የምስር ሳምቡሳ ይዘው በራችንን አንኳኩ። ምስር ለሁለታችንም ይሆናል፤ እሳቸውም አይገድፉበትም፣ እኛም እናፈጥርበታለን። ባለቤቴ «ይግቡ እንጂ» አለቻቸው። ገቡ፤ ቡና ተፈላ። በሦስት ዓመት ጉርብትና ውስጥ ልጃቸው ሱዳን ጠፍቶባቸው እንደነበር የሰማነው ያን ቀን ነው። ይህን በመልእክት ሊጽፉልን አይችሉም ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወራው ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው።

ዘካተል ፊጥርን እናንሳ። በልጅነታችን በኢድ ዋዜማ የኔና የእህቴ ሥራ እህል መውሰድ ነበር። በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚሆን ስንዴ ወይም ጤፍ ተሰፍሮ፣ አክስቴ «ይሄን ለእነ እገሌ፣ ይሄን ለእነ እገሌ» እያሉ ይልኩናል። ስንመለስ መጀመሪያ የሚጠይቁን አደረሳችሁ ወይ አይደለም። «ቤታቸው እሳት ነበር? ልጆቹ ምን ለብሰዋል? አሮጊቷ ተነስታለች?» ነው። እኛ የእህል ተሸካሚ ብቻ አልነበርንም፤ የአክስቴ ዓይን ነበርን። በመልሳችን ላይ ተመሥርቶ ማታ ሌላ ነገር ይላካል፤ አንዳንዴ ልብስ፣ አንዳንዴ ሳሙና፣ አንድ ጊዜ አስታውሳለሁ አንዲት በግ። ዛሬ ዘካውን በስልክ ከፍዬ ደረሰኙ ሲመጣልኝ ልቤ ያርፋል። ገንዘቡም ለሚገባው ሰው እንደሚደርስ አምናለሁ፤ ከእኔ በተሻለ የሚያከፋፍሉ ሰዎች አሉ። ልጄ ግን አሥር ዓመት ሞላው፤ የድሃ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ዘካ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ስልክ ላይ የምትነካው» አለኝ። መቆጣት አልቻልኩም፤ ያየው እሱን ነው።

«ኑሮው አይፈቅድም» የሚለኝ ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የአውቶቡስ ዋጋ ጨምሯል፤ መንገዱ ያልቀናባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ አሁንም የማይሄዱበት ቦታ ያላቸው ብዙ ናቸው። ፈቃድ የማይሰጥ መሥሪያ ቤትም አለ። ግን ሁላችንም ሩቅ ዘመድ ብቻ አይደለም ያለን። ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ ብቻዋን የምታፈጥር ሴት፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ መሄድ ያልቻለ ተማሪ፣ ባለቤቱ የሞተችበት ጎረቤት በየሰፈሩ አለ። ለእነሱ የምንልከው ፋኖስ ያለበት ሥዕል ዳቦ አይሆንላቸውም፤ ወሬም አይሆንላቸውም። ፆመኛን ያስፈጠረ የፆመኛውን ያህል ምንዳ እንዳለው የሚነገረው በአንድ ተምር ወይም በጉንጭ ውሃ ጭምር ነው። ስለዚህ ሳምቡሳና ሐሊብ እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልግም።

የአክስቴ እግር ተረፈ። ሐኪሙ ሌላ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ጣቶቹን ማትረፍ ይከብድ እንደነበር ነግሮኛል። ያን ሁለት ሳምንት የሰጠኝ ፍቅሬ ሳይሆን የኮምቦልቻው የሥራ ጉዳይ መሆኑን ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

ዘንድሮ ብር አልላክሁም። ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን ደውዬ፣ «ጁምዓ ማታ እደርሳለሁ፤ ልጁንም ይዤው እመጣለሁ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ በል» አሉኝ። ኢንሻአላህ አልኩ። ምን ይዤ ልምጣ ብዬ ስጠይቃቸው ብዙ አሰቡ። አሁን የማይፆሙ ስለሆነ ለየቀኑ አንድ ምስኪን ቤታቸው ጠርተው ያበላሉ፤ ደረሳዎቹም እንደ ድሮው መምጣት ጀምረዋል። የድሮው ትልቁ ድስት ግን ተበስቷል። «ድስት» አሉ፤ «ትልቅ፤ የሃያ ሰው።» ትናንት መርካቶ ምዕራብ ሆቴል አካባቢ ስዞር ዋልኩና ገዛሁት። አውቶቡሱ ላይ የት እንደማስቀምጠው ገና አላውቅም፤ ልጄ በጉልበቴ ይዤው እሄዳለሁ ብሏል።